ሻምበልን መላጨት ክልክል ነው

ላስ ቬጋስ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አክስቴ፣ መሐል ሜዳ፣ መንዝ

እትዬ እንደምን ሰነበቱ? በጉ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን አሉ? እዚህ ያለነው ከሙቀቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ልጅዎ ደህና ነው። ውሻውም ደህና ነው። ውሻው በሰላምታው ውስጥ የገባው እርስዎ ባለፈው በላኩት የድምፅ መልእክት ከልጅዎ ጤና አስቀድመው የጠየቁት ስለ እሱ በመሆኑ ነው።

ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝቶዎት የነገረዎት እዚህም ደርሶናል። ልጅዎ በውድቅት ሌሊት እየተነሣ ውሻ ያንሸራሽራል፤ ለውሻው ጫማ ያደርግለታል፤ ፀጉሩን ያበጥርለታል፤ ይባስ ብሎ በፍልሰታ ጾም የዶሮ መረቅ በረዶ እያደረገ ያበላዋል። እርስዎም ይህን ሰምተው «ልጄን ጠበል ውሰዱልኝ» ብለው ላኩ። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ ማለትም የእህትዎ ልጅ፣ ነገሩን አጣርቶ እንዲጽፍ ስለታዘዘ አጣርቷል። የተወራው ሁሉ እውነት ነው። ጠበሉ ግን ትንሽ ይቆይ፤ ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው።

በመጀመሪያ አገሩን ይወቁት። ላስ ቬጋስ ኔቫዳ በረሃ መካከል የተቆረቆረ ከተማ ነው። ሐበሻው ብዙ ነው፤ ታክሲው ላይም አለ፣ ሆቴሉና ቁማር ቤቱም ውስጥ አለ። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር አንዱን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። እንጀራው፣ ቡናው፣ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉም አለ፤ የጠፋው የመንዝ ብርድ ብቻ ነው። በሐምሌ ቀኑ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ ቢባል ማንም ዞር ብሎ አያይም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024፣ በእኛ ሰኔ 30 ቀን 2016፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተለካው ሙቀት 48.9 ዲግሪ ሆነ፤ በከተማዋ መዝገብ እንዲህ ያለ ቀን ከዚያ በፊት አልተጻፈም። በዚያው ሰሞን 7 ቀን በተከታታይ ከ46 ዲግሪ በላይ ዋለ። የመኪና መሪ የሚይዙት በጨርቅ ነው፤ ቆመው የሚያወሩት የመብራት እንጨት በምታህል ጥላ ውስጥ ተሰልፈው ነው።

ልጅዎ ውሻ ለማሳደግ የመረጠው ይህን አገር ነው። ውሻውም እንደኛው ሰፈር ውሾች ቀጭን፣ አጭር ፀጉር ያለው ቢሆን ምንም አልነበረም። ሻምበል የሚባለው ይህ ውሻ ግን የሳይቤሪያ ሃስኪ ነው።

የሃስኪ ዘር መነሻው የሩሲያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነው። ቹክቺ የሚባሉ ሕዝቦች በበረዶ ላይ ጭነት እንዲጎትትላቸው ያረቡት ውሻ ነው። ወደ አላስካ ከተሻገረ በኋላ ስሙ ዓለምን ያዳረሰው እ.ኤ.አ. በ1925 ክረምት ነው። ኖም በምትባል ሩቅ ከተማ ዲፍቴሪያ ገብቶ ሕፃናት ሲሞቱ፣ 20 የሚሆኑ ነጂዎች ከ150 ያህል ውሾቻቸው ጋር እየተቀባበሉ መድኃኒቱን 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ አሻግረው አደረሱት። የመጨረሻውን ቡድን እየመራ ኖም የገባው ባልቶ የሚባል ውሻ ነው፤ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሐውልት ቆመለት። ውለታ ግን ቶሎ ይረሳል፤ ሐውልቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባልቶ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሳንቲም የሚታይ ትርኢት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1927 የክሊቭላንድ ከተማ ሰዎች፣ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ሳንቲም አዋጥተው፣ እሱንና ጓደኞቹን ገዝተው ወደ ቀዝቃዛው አገራቸው ወሰዷቸው።

ሻምበል እንዲህ ያለ አዋጪ ሕዝብ አላገኘም። ያገኘው ልጅዎን ነው። እዚህ አገር ሰው በቴሌቪዥን ተኩላ የሚመስል ውሻ ያይና በሰማያዊ ዓይኑ ይማረካል፤ ቡችላውን ይገዛል፤ ቡችላው አድጎ አጥር ሲዘልልና ሶፋ ሲበጣጥስ መጠለያ ወስዶ ይጥለዋል። ልጅዎ ሻምበልን ያመጣው ከእንዲህ ያለ መጠለያ ነው። 25 ኪሎ ይመዝናል። አረማመዱ ሰልፍ የሚመራ የጦር መኮንን ስለሚመስል ስሙ በዚያው ጸደቀ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል ኖረናል፤ ይሄኛው ግን መጮህ አይወድም፣ ያላዝናል። አምቡላንስ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ አብሮ ያላዝናል፤ ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ለቅሶ ያለ መስሏቸው ነበር።

ሙቀቱ ሲብስ ነገሩ ለሸንጎ ቀረበ። ሸንጎው ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ የሚሰበሰቡት ታክሲ ነጂዎች ናቸው። በአሜሪካ ፖለቲካ፣ በቤት ዋጋና በጉልበት ሕመም ላይ ተስማምተው አያውቁም፤ በውሻው ጉዳይ ግን በአንድ ድምፅ ወሰኑ። «ይላጭ!» አሉ። ልጅዎ ሻምበልን ይዞ የውሻ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ሄደ። አዎ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሙያ አለ፤ ዋጋውም ከሰው ፀጉር ቤት ይበልጣል።

ሴትዮዋ ማሽኑን ገና ሳታነሣው የሻምበልን ጀርባ በሁለት አውራ ጣቷ ከፍላ «ጠጋ ብለህ እይ» አለችው። ከላይ ያለው ፀጉር ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ጫፉ ጥቁር፣ መሐሉ ነጭ፤ ውሃ ቢያፈሱበት ያንሸራትተዋል። ከሥሩ ሌላ ፀጉር አለ፤ አጭር፣ ልስልስ፣ አመድማ፣ ጣት እስከማያስገባ ድረስ ጥቅጥቅ ያለ። ከሁሉም በታች ቆዳው ታየ፤ ከተወለደ ጀምሮ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ሐመር ሮዝ ቆዳ። «ይሄንን ነው ለኔቫዳ ፀሐይ የምትሰጠው?» አለችው።

እትዬ ነገሩ የሚገባዎት በጓሳ ክዳን ቢያዩት ነው። በጓሳ ሣር ጥሩ ሆኖ የተከደነ ቤት ሌሊት ብርዱን፣ ቀትር ላይ ፀሐዩን ይመልሳል፤ ጎረቤትዎ ክዳኑን አፍርሰው ቆርቆሮ ያለበሱ ጊዜ በጋ እንዴት እንደቀቀላቸው፣ በክረምትም እንዴት እንዳንቀጠቀጣቸው ያውቃሉ። የሻምበል ሁለት ድርብ ፀጉርም እንዲሁ ነው። ከላጩት ፀሐዩ በቀጥታ ቆዳውን ይመታዋል፤ ቆዳው ይቃጠላል። በዚያ ላይ እንደ ሃስኪ፣ ሳሞይድና ቻው ቻው ያሉ ውሾች ፀጉር አንዴ በማሽን ከተነሣ እንደገና ለመብቀል ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ሲበቅልም ቦታ ቦታው ላይ ሳስቶ፣ መልኩ ተለውጦ ሊመጣ ይችላል።

ሸንጎው በቀላሉ አልተረታም። ከታክሲ ነጂዎቹ አንዱ የአፋር ልጅ ነውና ክርክሩን የዘጋው በግመል ነው። «ግመል እንኳ በበረሃ ፀጉሯን ጨርሳ አትጥልም» አለ። ሳያውቀው የተናገረው በሳይንስ የተመሰከረ ነገር ነው። ክኑት ሽሚት ኒልሰን የሚባሉ የፊዚዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አልጄሪያ ሰሃራ ወርደው ግመል ሸልተው አይተዋል፤ የተሸለተው ግመል ካልተሸለተው በ50 በመቶ የሚበልጥ ውሃ በላብ አባከነ። ውሻ በእርግጥ ግመል አይደለም፤ እንደ ግመል በቆዳው አያልብም። ፀጉሩም ተአምር አይሠራም። ከፀሐይ ይከልለዋል፤ ውሻው ሲሮጥ ከገዛ ሥጋው የሚወጣውን ሙቀት ግን መልሶ ያፍንበታል። እንግዲህ ወፍራም ፀጉር ለለበሰ ውሻ በሙቀት ቀን ጥላ ውስጥ መተኛት ደግ ነው፤ በቀትር ኳስ ማባረር ግን ገዳይ ነው። ሴትዮዋ ለልጅዎ የሰጠችው ፍርድ አጭር ነበር፦ «ልቁረጥ ካልክ የቀትሩን ሽርሽር ቁረጥ።»

ከዚያ ወዲያ ነው እንግዲህ ማበጠሩ የመጣው። ሃስኪ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል የውስጡን ፀጉር ይጥላል። ይጥላል ሲባል ቀላል አይምሰልዎት፤ በእፍኝ እፍኝ ይነቀላል። የሞተው ፀጉር ካልወጣ ግን እዚያው ተቋጥሮ አየር እንዳያልፍ ይዘጋል። ስለዚህ ልጅዎ ጥርሱ ረጅም የሆነ የብረት ሚዶ ገዝቶ ማታ ማታ ጓሮ ይቀመጣል፤ ከአንገት ይጀምርና በጎን አድርጎ ጭኑ ድረስ ይወርዳል። ሻምበል ጭኑ ሲነካ ጥርሱን ያሳያል፤ ሆዱ ሲነካ ዓይኑን ጨፍኖ እግሩን ይሰቅላል። በመጨረሻ የወጣውን ፀጉር ሲሰበስቡት ሌላ ሁለተኛ ውሻ የተቀመጠ ይመስላል። ጥቁር ሱሪ ለብሶ እዚያ ቤት የሚሄድ እንግዳ ነጭ ሱሪ ለብሶ ይመለሳል። እንጀራው ውስጥ ፀጉር ሲገኝም ሰው እንደ ድሮው አይደናገጥም፤ አውጥቶ ይቀጥላል።

ያን ሁሉ ፀጉር መጣሉ እንዴት እንደሚያንገበግብዎት የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ያውቃል፤ ባና የሚሠራበት አገር ሰው ነዎትና። ደግሞ ትክክል ነዎት። ከዚህ በስተሰሜን፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚኖሩ የሳሊሽ ሕዝቦች ፀጉሩን እየሸለቱ ብርድ ልብስ የሚሸምኑበት የውሻ ዘር ነበራቸው። ዘሩ ዛሬ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1859 የሞተ «መተን» የሚባል የዚያ ዘር ውሻ ቆዳ ግን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጦ ኖሮ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ዘረመሉን አንብበው አሳትመዋል። ልጅዎ ይህን ሲሰማ ፀጉሩን በከረጢት ማጠራቀም ጀምሯል። የሚመጣ ሰው ካለ እንልካለን ብሏል፤ እንዝርቱን ከወዲሁ ያሰናዱ ወይም ከወዲሁ ይከልክሉት።

አሁን ወደ ሌሊቱ ሽርሽር። እርስዎ ለቅዳሴ ሲቀሰቅሱት ብርድ ልብሱን በጥርሱ ይዞ ያስቸግርዎት የነበረው ልጅ፣ ዛሬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ማንም ሳይጠራው ይነሣል። ምክንያቱ አስፋልቱ ነው። አየሩ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን እንኳ ፀሐይ የመታው አስፋልት ከ50 ዲግሪ ያልፋል፤ በቬጋስ የሐምሌ ቀትር 70 ይደርሳል። በየበጋው እዚህ መንገድ ላይ ወድቀው በአስፋልት ብቻ ተቃጥለው ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች አሉ። የውሻ መዳፍ ጠንካራ ቢመስልም ቆዳ ነው፤ ይላጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። አስፋልቱ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው አይበርድም፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንደ ተጣደ ምጣድ ነው። የሚበርደው ሊነጋጋ ሲል ነው። ልጅዎ ከመውጣቱ በፊት ተንበርክኮ የእጁን ጀርባ መንገዱ ላይ ያስቀምጥና እስከ ሰባት ይቆጥራል። እጁ ከቻለ ሻምበልም ይችላል፤ ካልቻለ ተያይዘው ይመለሳሉ። እንግዳው ሰው «መንገድ ላይ ሲሰግድ አየሁት» ያለዎት ይህን አይቶ ነው።

ጫማውም ለዚሁ ነው። ቀን ላይ ለሐኪም መውጣት ግድ ሲሆን አራት ትንንሽ የጎማ ጫማዎች ያጠልቅለታል። ሻምበል መጀመሪያ ያደረጋቸው ቀን አንዱን እግር አንሥቶ ቀረ፤ ቀጥሎ ሌላውን አነሣ፤ በመጨረሻ አራቱንም ሊያነሣ ሲሞክር ወደቀ። አሁን ለምዷል፤ ብቻ እስክስታ ያለበት አረማመድ ሆኗል። ጫማው ቤት እንደገባ ይወልቃል፤ ውሻ ከመላ ገላው የሚያልበው በእግሩ መዳፍ ብቻ ስለሆነ ታፍኖ መዋል የለበትም። በጎረቤት ግዛት ያለችው ፊኒክስ ከተማ ደግሞ ነገሩን ለሰው ፈቃድ አልተወችውም፤ ሙቀቱ 37.8 ዲግሪ ከደረሰ ውሻ ይዞ በከተማው ተራሮች የእግር መንገድ ላይ መውጣት በደንብ የተከለከለ ነው።

በመዳፍ ላብ ብቻ ያ ሁሉ ሥጋ አይበርድም። የውሻ ዋናው ማብረጃ ምላሱ ነው። ሲያርፍ በደቂቃ ከ30 ያልበለጠ ጊዜ የሚተነፍሰው ሻምበል፣ ሲሞቀው ከ200 ጊዜ በላይ ያለከልካል፤ ከምላሱና ከአፍንጫው የሚተን እርጥበት ሙቀቱን ይዞለት ይወጣል። የቬጋስ አየር ደረቅ በመሆኑ ይህ ይረዳዋል። አየሩ እርጥበት ሲያዝል ግን ማለክለኩ ፋይዳው ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው መጥቶ ሳይዘንብ በሚያፍንበት ቀን ልጅዎ የሚያየው የሙቀት መለኪያውን ብቻ አይደለም፣ እርጥበቱንም ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ሻምበል ከቤት አይወጣም። ኤሲው ሥር፣ ወለሉ ንጣፍ ላይ፣ አራት እግሩን ዘርግቶ በሆዱ ይተኛል።

አዎ፣ ቤት ውስጥ ይተኛል። ይህን ሲያነቡ ፊትዎ እንዴት እንደሚሆን ይታየናል። ጓሮ ሊያስለምደው ልጅዎ ሞክሮ ነበር። ጥላ ተከለለት፤ አየር ከሥሩ የሚያልፍበት ከመሬት ከፍ ያለ የሸራ አልጋ ተገዛለት፤ የሕፃናት መዋኛ የሚሆን የፕላስቲክ ገንዳ ውሃ ተሞልቶ ተቀመጠለት። ሻምበል ሁሉንም ጎበኘና የራሱን መፍትሔ መረጠ፤ ልጅዎ ዘሩን ካገር ቤት አምጥቶ እንደ ልጅ ያሳደገውን ጤና አዳምና በሶብላ ነቅሎ ጉድጓድ ቆፈረ። ሃስኪ ሲሞቀው መቆፈር ልማዱ ነው፤ ከላይ ያለው አፈር ሲግል ከሥሩ ቀዝቃዛ ነውና። ከከተማው አፈር ሁሉ ቀዝቃዛው ደግሞ ማታ ማታ ውሃ የሚጠጣው የጤና አዳሙ መደብ ነበር። ልጅዎ በዚያ ሳምንት ቡናውን ያለ ጤና አዳም ጠጣ። ሻምበልም ቤት ገባ።

ስለ ዶሮው መረቅ። 25 ኪሎ ውሻ በደህናው ቀን ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ በሙቀት ከዚያ ይበልጣል፤ ሻምበል ደግሞ ተራ ውሃ ቶሎ ይሰለቸዋል። ዶሮ በውሃ ብቻ ይቀቀልና መረቁ በበረዶ ማውጫ ይረጋል፤ ከዚያ ሲልሰው ይውላል። የቸገረው «በውሃ ብቻ» የሚለው ነው። የሐበሻ እጅ ድስት ከጣደ ሽንኩርት ሳይከትፍ አይመለስም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ መርዝ ናቸው። ጨውም አይገባም፣ በርበሬም አይገባም። የእርስዎ ልጅ ከዶሮ ጋር ያለ ሽንኩርት ብቻውን የተገናኘው ዘንድሮ ነው። በፍልሰታ ስለሚጾም ቀምሶ ማየት አልቻለም፤ ቢቀምሰውም ባልወደደው። ቄሱን ጠይቋቸው ነበር፤ «ውሻው ጾም የለበትም፤ አንተ ግን ጣትህን እንዳትልስ» አሉት።

ሻምበል ከታክሲው ጋር አይሄድም። ልጅዎ በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የስታንፎርድ ጥናት እንዳሳየው ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 22 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የሚጨምረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፤ መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተውም እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም። የኔቫዳ ሕግም በከባድ ሙቀት ውሻ ወይም ድመት መኪና ውስጥ ብቻውን መተውን ይከለክላል፤ ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገብተው እንዲያወጡት ሥልጣን ይሰጣል። «ለአንዲት ደቂቃ ሱቅ ልግባ» የሚባለው ነገር የእኛ ሰው ሱቅ ገብቶ የአገሩን ልጅ ሲያገኝ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን እርስዎ ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ ከመሰለዎት፣ በሐምሌ መጨረሻ የሆነውን ይስሙ። ጎረቤቱ ቻው ቻው የሚባል ውሻ አለው፤ ፀጉሩ የበግ ጠቦት ያህል የወፈረ፣ ፊቱ የተጨፈለቀ፣ ምላሱ ሰማያዊ። የኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲና የሮያል ቬተሪናሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ከ900 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ውሾችን መዝገብ አገላብጠው፣ ቻው ቻው ከላብራዶር ጋር ሲነጻጸር በሙቀት የመመታት ዕድሉ ወደ 17 እጥፍ የሚደርስ ሆኖ አግኝተውታል። ወፍራም ፀጉርና አጭር አፍንጫ አንድ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ነው። እነዚያው ተመራማሪዎች ሌላም አሳይተዋል፤ ምክንያታቸው ከተመዘገበው የሙቀት አደጋዎች ከ4 ሦስቱ ያህል የመጡት ከመኪና አይደለም፣ ከሩጫና ከጨዋታ ነው።

ጎረቤትየውም «ጥላ ገብቷል» ብሎ ማታ 12 ሰዓት ላይ ኳስ ወረወረለት። ውሻው ሦስቴ አመጣ፤ በአራተኛው መንገድ ላይ ቆመ። ልጅዎ በአጥር በኩል ሲያየው ምላሱ ወጥቶ ጫፉ ሰፍቷል፤ ለሀጩ ወፍሮ ይንዘለዘላል፤ የኋላ እግሮቹ ይጠላለፋሉ። ባለቤቱ ተሸክሞ ወደ መኪናው ሊሮጥ ሲል ልጅዎ አጥሩን ዘልሎ ያዘው። የጓሮውን የውሃ ጎማ አነሣ፤ ነገር ግን ወዲያው ውሻው ላይ አላዞረውም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ በመጀመሪያ የሚተፋው የፈላ ውሃ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ሕፃናት ያቃጠሉ አሉ። ቀዝቃዛው እስኪመጣ መሬት ላይ ለቀቀው። ከዚያ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥር፣ ከሆዱ፣ ከብብቱ፣ ከጭኑ መሐል አጠጣው፤ የዚህ ዓይነት ውሻ የላይ ፀጉር ውሃ ስለሚያንሸራትት ቆዳው ድረስ በእጅ እያሹ ማስገባት ያስፈልጋል። ጎረቤትየው ፎጣ አርሶ ሊያለብሰው ሲመጣ ፎጣውን ነጠቀው፤ እርጥብ ፎጣ ሲለበስ ሙቀቱን መልሶ ያፍናል። በፎጣው ፋንታ የቤቱ ቬንቲሌተር ወጥቶ ነፋሱ ወደ ውሻው ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ውሻው ራሱን ቀና ሲያደርግ፣ ኤሲው በተከፈተ መኪና ወደ ሐኪም ሄዱ።

ከሐኪሟ ክፍል ሲደርስ ሙቀቱ 40 ግድም ነበር። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ትንሽ አለፍ ያለ ነው፤ ከ41 ካለፈ አንጀቱም፣ ኩላሊቱም፣ አንጎሉም ይጎዳል። ሐኪሟ ባለቤቱን «ከማምጣታችሁ በፊት ማብረዳችሁ ነው ያተረፈው» አለችው። ብዙ ሰው ግን በቀዝቃዛ ውሃ ይደነግጣል ብሎ ይፈራና ውሻውን እንደጋለ ይዞት ይሮጣል፤ በእንግሊዝ አገር ሐኪም ዘንድ ከደረሱት መካከል አስቀድሞ የበረደው ከ5 አንዱ ያህል ብቻ እንደሆነ እነዚያው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አሳትመዋል። ቻው ቻው በማግስቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጎረቤትየው ልጅዎን «ዶክተር» ብሎ ይጠራው ጀምሯል፤ እርስዎ ሁልጊዜ ልጄ ዶክተር ይሁን ይሉ ስለነበር ይህም እንደ ስለት ይቆጠርልዎ።

ስለዚህ እትዬ፣ ልጅዎ አላበደም። እንቅልፉ በሌሊት አልቆ ቀን ታክሲ ማቆሚያ ላይ ቢያንቀላፋም፣ የመብራት ሂሳቡ ቢበዛም፣ ጤና አዳሙ ቢነቀልም፣ ጤናው ግን ከቀድሞው ይሻላል፤ በየሌሊቱ ከሻምበል ኋላ ስለሚሄድ ሆዱ ጎድሏል። ያ ወሬ አቀባይ ይህን ሳይነግርዎት መቅረቱ ይታሰብ።

ፍልሰታ ሲፈታ ያለውን እሑድ ቀጠሮ ይዘናል። ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ቻርልስተን የሚባል ተራራ አለ፤ ጫፉ 3,632 ሜትር ነው፤ ጥድ አለው፣ ነፋስ አለው፣ ሰው ሹራብ ፍለጋ ቦርሳ የሚበረብርበት አገር ነው። ዶሮ ወጡ በትልቁ ድስት ይሠራል፤ የሻምበል ድርሻ ያለ ሽንኩርት ለብቻው በትንሿ ድስት ይቀቀላል። ሸንጎው ሙሉ በሙሉ ይገኛል። የቀረው ክርክር የመኪናው የፊት ወንበር የማን ነው የሚለው ብቻ ነው፤ የአፋሩ ልጅ በዕድሜ እበልጣለሁ ይላል፣ ሻምበል ግን ካሁኑ ሄዶ ተቀምጦበታል።

ለሁሉም ሰላምታ ያቅርቡልን። ድርቆሽና በርበሬ የሚልኩ ከሆነ መስከረም ላይ የሚመጣ ሰው አለ። የጤና አዳም ዘርም ጨምረው ይላኩ፤ በዚህኛው ዙር በማሰሮ ተክለን መስኮት ላይ እንሰቅለዋለን።

አክባሪዎ
የእህትዎ ልጅ